ባሌ ካርቡራተር ሲያጥብ

ቁጣዬ ቶሎ ነው። ሰውም ያውቀኛል፣ እኔም አልክድም። ባሌ፣ አላህ ይርሀመውና፣ ሃያ ዓመት ችሎኛል።

ቡታጅራ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት አትክልተኛ ነበር። የግቢውን ሣር የሚያጭደው በማጭድ አይደለም፤ አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ትቶት በሄደ የቤንዚን ማሽን ነው። ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፣ ገመዱን ስበው ያስነሱታል፣ ጫፉ ላይ የሚሽከረከረው ጠንካራ የፕላስቲክ ክር ሣሩን ይቆርጠዋል። አሮጌ ነው፤ ባሌ ግን መኪና እንዳለው ሰው ይኮራበት ነበር።

አንድ ክረምት ማሽኑን በትከሻው አንጠልጥሎ ቤት ይዞት መጣ።

«ደግሞ ምን ሆነ?» አልኩት።

«አልነሳ አለኝ። ካርቡራተሩ ነው።»

በረንዳው ላይ ጨርቅ አንጥፎ ፈታታው። እኔ ከጎኑ ጎመን እየቀነጠስኩ አየዋለሁ። የሚሠራው እያወራ ስለሆነ እኔም ነገሩን ለምጄዋለሁ። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ያወጣና ጥቀርሻውን ይፍቃል። የከረመውን ቤንዚን ይደፋል፣ አዲሱን ከዘይት ጋር ቀላቅሎ ይሞላል። ከዚያ ቤንዚኑን ከአየር ጋር ለሞተሩ የሚመጥነውን ካርቡራተር ይከፍትና ውስጡ ያለችውን ስስ ላስቲክ ደርቃ እንደሆነ በጣቱ ይነካካታል፤ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ይጠርጋል፣ በአፉ እፍ ይልበታል። የዚያን ቀን ካቻቢቴው ሁለቴ ከእጁ ወደቀ። «ምነው፣ ካቻቢቴውም ጠላህ እንዴ?» ብዬ ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ። ገጣጥሞ ሲጨርስ ግን አላስነሳውም። «እዚህ ጎረቤት እንረብሻለን፤ ጠዋት ግቢ ውስጥ እሞክረዋለሁ» አለ።

በማግስቱ ይዞት ተመለሰ። በሳምንቱም እንዲሁ። ሁሌ መልሱ አንድ ነው፤ ካርቡራተሩ ነው።

ሣሩ ጉልበት ደረሰ። ግምገማም ሊደርስ ነው። በዚያን ጊዜ ግምገማ ማለት ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆመህ ጉድለትህ የሚዘረዘርበት ነው። ባሌ ደግሞ ኮንትራት ነው፤ ደካማ ከተባለ ኮንትራቱ አይታደስም፣ አለቀ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ሙያህ ጠፋብህ ወይስ ሥራ ጠላህ? ልጆቼን ጦም ልታሳድርብኝ ነው?» እለዋለሁ፣ ጎረቤት እየሰማ። «ይሄ ካርቡራተር እንደ ሙሽራ ስንት ጊዜ ነው የሚታጠበው!» የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

አንድ ጁምዓ እሱ መስጊድ እንደሄደ ማሽኑን ተሸክሜ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ሞተር ጠጋኝ ወሰድኩት። ሰውዬው ቤንዚኑን አሸተተ፣ ገመዱን ሳበ። በሁለተኛው ማሽኑ ጮኸ። ወዲያው አጠፋውና ካርቡራተሩን ከፍቶ አየው።

«ወላሂ እህቴ፣ ይሄ ምንም የለውም» አለኝ። «እኔ እንኳ እንዲህ አላጸዳውም።»

ደሜ ፈላ። አታለለኝ አልኩ፤ ስንፍና ነው አልኩ። ቤት ስደርስ ከመስጊድ ተመልሶ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ማሽኑን እግሩ ሥር አስቀመጥኩና «ሳበው!» አልኩት። «ጠጋኙ ሁለቴ ስቦ አስነሳው። እስቲ አንተም ሳበው!»

ጎንበስ ብሎ ገመዱን ያዘና ሳበ። ገመዱ አንድ ስንዝር ወጣና ተመልሶ ገባ። ደገመው። በሦስተኛው ተንበረከከ፤ ክንዱ ይንቀጠቀጣል፣ ላቡ ከግንባሩ ይወርዳል። ቀና ብሎ እንኳ ሊያየኝ አልቻለም።

«ካርቡራተሩ ነው» አለ።

ያ አላህ! «አዎ፣ እሱ ነው» አልኩትና ክንዱን ይዤ አስነሳሁት። ክንዱ እጄ ውስጥ ቀለለኝ። ሥጋው የት እንደሄደ አላውቅም፤ አብሬው እየበላሁ፣ አብሬው እየተኛሁ አላየሁትም።

በሳምንቱ አዲስ አበባ ወሰድኩት። ሐኪሙ እጁንና ትከሻውን አገላብጦ አየና ጡንቻ የሚበላ በሽታ መሆኑን፣ ወደ መተንፈሻውም መድረሱን፣ ብዙ መዘግየታችንንም ነገረን። «ክንዱ መድከም ከጀመረ ወራት አልፈውታል። ቤት ውስጥ የሚያይ ሰው የለም?» ብሎ ወደኔ ዞረ።

አፌን ሳልከፍት ባሌ ቀደመኝ። «እሷ ምን ታድርግ ዶክተር፤ ደብቄያት ነው» አለ።

አልደበቀኝም። አንድ ክረምት ሙሉ በየማታው ፊቴ ቁጭ ብሎ ነበር፤ እኔ ስሰድበው ነው የከረምኩት። ይህን ለዶክተሩ መናገር ነበረብኝ። እሱንም ይቅር በለኝ ማለት ነበረብኝ። ሁለቱንም ሳልል በጥቅምት ቀበርነው።