ላስቲኩን ቅደዱ

ምድር እየሞቀች ነው የሚለውን ወሬ መጀመሪያ የሰማሁት ጥርሴ በብርድ እየተንገጫገጨ ነው። ዘመኑ ደርግ ነበር፤ ጉለሌ ችግኝ ጣቢያ የተቀጠርኩበት የመጀመሪያው ቀን። የጣቢያው ኃላፊ አቶ ታደሰ አዲሶቹን የቀን ሠራተኞች አፈር ክምር አጠገብ ሰበሰበን። «ፋብሪካው የሚያነደው ከሰል፣ መኪናው የሚያቃጥለው ነዳጅ፣ እኛም የምንጨፈጭፈው ደን የማይታይ ጭስ ሆኖ ሰማይ ላይ እንደ ጋቢ ይደረባል። ምድር ከሥሩ ትሞቃለች። ዛፍ ያንን ጭስ መልሶ ይስባል» አለን።

ካቦው ደምሴ እጁን ብብቱ ውስጥ እንደከተተ፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ጋቢው ጉለሌን ለምን ዘለላት?» አለ።

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሥራው ትዕግሥት ነበር። አፈሩን በወንፊት እንነፋለን፤ ከፍግና ከአሸዋ ጋር እናዋህዳለን፤ እንደ ክንድ ወፍራም፣ ስንዝር የሚያህል ጥቁር ላስቲክ ውስጥ እየጠቀጠቅን መደብ ላይ እንደረድራለን። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል። እኔ የተመደብኩት ግን ወይራ ላይ ነው። የወይራ ፍሬ ቅርፊቱ ካልተሰነጠቀ አይበቅልም፤ ከበቀለም በኋላ ሁለት ዓመት ያስጠብቃል። ጠበቅሁት። በጾም ቀን ሆዴ ባዶ ሆኖ ውሃ እየተሸከምኩ አጠጣሁት።

አቶ ታደሰ የነገረንን በቀበሌ የሴቶች ስብሰባ ላይ ተናገርሁ። «ድስቱን ክደኑ፤ ባቄላውን ከዋዜማው ዘፍዝፉ፤ እርጥብ እንጨት አታንድዱ፤ ወጡ ሲወርድ እሳቱን አጥፉ። የምናነደው እንጨት ከቀነሰ ዛፉ ይተርፋል» አልሁ።

አንዷ ጎረቤቴ፣ «ለአንድ ድስት አራት ትእዛዝ! አሥርቱ ላይ ልትጨምሪብን ነው፣ በላይነሽ?» ብላ አሳቀችብኝ። ሳምንት ሳይሞላ ማገዶ ጨርሳ ኩበት ልትለምነኝ መጣች። ሰጠኋት። ድስቷን ግን እስከ መጨረሻው አልከደነችም።

በሁለተኛው ዓመት ሐምሌ ወይራዬ ደረሰ። የተከላው ዘመቻ እሑድ ጠዋት ሆነ፤ ልክ በቅዳሴው ሰዓት። ከቅዳሴው ቀርቼ ወደ ተከላው ሄድሁ፤ ችግኙን ለማን ልተወው? የቀበሌው ሊቀመንበር ችግኙ የሚተከልበት ተራራ ሥር ቆሞ ስለ ደን ጥቅም ረጅም ንግግር አደረገ። ችግኙን ያመጣው የጭነት መኪና ከጎኑ ሞተሩ ሳይጠፋ ጥቁር ጭስ ይተፋል።

«ወንድሜ፣ አጥፋው እንጂ» አልሁት ሾፌሩን።

«ባትሪው ደክሟል፣ እህቴ። ካጠፋሁት የምትገፊው አንቺ ነሽ።»

ሊቀመንበሩ ንግግሩን ሲጨርስ፣ «እስከ ስድስት ሰዓት ይለቅ! ሪፖርት አለብኝ» አለ። ያኔ ጥፋቱ ተጀመረ። ችግኝ ሲተከል ላስቲኩ መቀደድ አለበት፤ ሥሩ መውጫ ካጣ ዞሮ ዞሮ ራሱን ያንቃል። ሕዝቡ ግን በችኮላ ከነላስቲኩ ይቀብራል። ምላጬን ይዤ በጭቃው ውስጥ ሮጥሁ። «ላስቲኩን ቅደዱ! ኧረ በእመቤቴ፣ ቅደዱ!»

አንድ ሽማግሌ ቀና አሉና፣ «በዚህ ብርድ ልብሱን ላውልቅለት? እዘኚለት እንጂ፣ ልጄ» አሉኝ።

ለሊቀመንበሩ ነገርሁት። «ጓድ፣ የተተከለው ሁሉ ይደርቃል።»

«ጓድ በላይነሽ፣ የታዘዝነው እንድንተክል ነው።»

ከትልቁ ቋጥኝ በታች ያለውን አንድ ረድፍ በእጄ እየቀደድሁ ተከልሁ። ከዚያ መኪናው ጡሩምባ ነፋ። ያልተተከሉትን ሊቀመንበሩ «እንደተተከሉ ይቆጠሩ» ብሎ አስጥሎ ሄደ። እኔም የቻልሁትን በነጠላዬ አዝዬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወረድሁ። የንስሐ አባቴ አንዱን ችግኝ ተቀብለው አገላብጠው አዩትና፣ «ይህን ላስቲክ ምን ላድርገው?» አሉ። በዚያ ቀን ይህን የጠየቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። አለቀስሁ።

ጥር ላይ ወደ ተራራው ወጣሁ። ችግኙ በየጉድጓዱ ደርቋል። አንዱን ብስበው እንደ ካልሲ ከነላስቲኩ ተመዞ ወጣ። ሥሩ ተጠምጥሟል። ወስጄ አቶ ታደሰ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁት።

«ሪፖርቱ እኮ ተልኳል፣ በላይነሽ» አለኝ።

«ጋሼ፣ ሪፖርቱ ጥላ አለው?»

ከቋጥኙ በታች ያለው የኔ ረድፍ ግን ያኔ አረንጓዴ ነበር።

ዛሬ የምኖረው ከጉለሌ ርቄ፣ ባሌ ጎባ ልጄ ዘንድ ነው። ጉልበቴ ተራራ አይወጣም። ሬዲዮው አሁንም ምድር ሞቀች፣ ትከሉ ይላል። ልክ ነው። ከሥራዬ የተማርሁት አጭር ነው፤ የተተከለ ዛፍ የሚባለው የጸደቀው ብቻ ነው።

በዚያ እሑድ ከኔ ጋር የነበራችሁ፣ ከነላስቲኩ የቀበራችሁም ብትሆኑ፣ አልቀየማችሁም። አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ። ወደ ቋጥኙ ውጡና ረድፏን እዩልኝ። ቆማ ከሆነ ንገሩኝ፤ ተቆርጣም ከሆነ ንገሩኝ። ሳትወጡ ግን እንዳትነግሩኝ።