ድንጋይ ያለበት ሣጥን

ጦርነት ያለበት ፊልም ቤቴ አይከፈትም ብዬ ነበር። ልጄ ግን እዚህ አሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ ጃፓኖች ጦርነትን በፊልም፣ በሥዕልና በመጽሐፍ እንዴት እንደሚያሳዩ የሚያስተምር ክላስ ወሰደች።

«ማሚ፣ ተኩስ የለውም። አስተማሪያችን ጃፓኖቹ ጦርነቱን በቤት ውስጥ ኑሮ ነው የሚያሳዩት ብላለች። ሆምወርክ ነው፤ ነይ አብረን እንየው።»

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ላፕቶፗን ከፍተን ሶፋው ላይ ተቀመጥን። እውነትም ተኩስ የለውም። አንዲት እናት ለዘመተ ልጇ በየቀኑ ሩዝ ጨልፋ በቦታው ታስቀምጣለች። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ስላላለፍኩ ከሥር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አልደርስበትም፤ ልጄ ትነግረኛለች። በመጨረሻ አንድ ሹም የልጅሽ አፅም ነው ብሎ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ሣጥን አመጣላት። ከፈተችው። አፅም የለም፤ ድንጋይ ነው።

«ጎረቤቶቿ ቀድመው ያውቁ ነበር እኮ» አለች ልጄ ተናዳ። «ሲያዩአት ዝም የሚሉት ለዚያ ነው። በጣም ሚን፣ ክፉ ናቸው!»

እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ያሳደጋት ወንድሜ በአገራችን ጦርነት ከሞተ አምስት ወር አልፎታል። መርዶ በድንገት አይነገርም፤ ፈተናዋን ትጨርስና ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው ይነግሯታል ብዬ ደብቄያታለሁ። እንዳትጠረጥር ጥቁር እንኳ አልለበስኩም። ፌርፋክስ፣ በሐበሻ ሱቆቹ የሚውሉት ሴቶች ግን ሁሉም ያውቃሉ። ሱቅ ስትገባ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ።

«ስለዚህ ፊልም ለአጎቴ ልጻፍለት» ብላ ስልኳን አነሳች። እርሳስ አያያዝ ያስተማራት እሱ ነው። እስከ ዛሬ የላከችለትን አሳየችኝ፤ አንዱም አልተነበበም። «እሱ ያለበት አካባቢ የተዘጋውን ኔትወርክ ሲለቁላቸው ሁሉንም አንድ ላይ ያነበዋል።»

«ተይው፣ አትጻፊ» አልኳት።

ፊቴን አየችው። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ሣጥኑን የታቀፈችውን ሴትዮ አየች፤ መልሳ እኔን።

«መቼ?»

ነገርኳት።

«ማን ማን ያውቃል?»

«ሰው ሁሉ።»

ደረቷን ትመታለች ብዬ ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። አልመታችም፤ አልጮኸችም። ላፕቶፑን ከደነችው።

«አምስት ወር ሙሉ አገር ቤት ስትደውዪ ለአጎቴ ሰላም በይልኝ ስልሽ፣ እሺ ትይኝ ነበር» አለች።

ያን ማታ፣ ወጉ እንዳይቀር ሽማግሌዎቹን ጠራሁ። በማግስቱ ማለዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ቆሙ። ልጄ ከፈተችላቸው።

«ሰምቻለሁ፤ ግቡ» አለቻቸው። ክላስ አለብኝ ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

አምስት ወር የያዝኩትን ለቅሶ እሷ በሌለችበት አለቀስኩት።