ለአማቶቿ የተናገርኩት ምልክት
ነገሩ የነካን እኔን፣ ባለቤቴን፣ የታጨችውን ልጃችንንና አማቷ ሊሆኑ የነበሩትን ሰው ነው። በደርግ ዘመን ታቦር ተራራ ሥር፣ ሐይቅ አጠገብ ስንኖር፣ በልጄ ጉልበት ላይ ሲነኩት የማይሰማት ፈዛዛ ምልክት ወጣ። የጤና ረዳቱ የሥጋ ደዌ መሆኑን ነገረን። ሐይቁ ዳር ሣር እንድታጭድ ልኬያት እሾህ የቧጨራት እዚያው ላይ ነበርና፣ ከጭቃው ይሆን ብዬ ጠየቅሁት።

«በብዛት ከሰው ነው። ከአፈርም ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ። በዘር ግን አይወረስም፤ በመድኃኒት ይድናል» አለኝ።

ባለቤቴ እስከ ሠርጉ እንድንደብቀው ለመነችኝ። እኔ ግን ልጆቼን ለውሸት የቀጣሁ ሰው ነኝና አማቷ ቤታችን ሲመጡ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ወንድሜ፣ ዘርዎን ሳላስጠይቅ መምጣቴ ጥፋቱ የኔ ነው» ብለው ወጡ።

ዛሬም ቢሆን አልደብቅም፤ አስቀድሜ ግን ልጄን አስፈቅዳለሁ። እሷ መድኃኒቷን ጨርሳ ዳነች። ያስከፈለን አንድ ሠርግና ልጄ እኔን ያላናገረችበት ሁለት ዓመት ነው።