ሁሉም መነጽር ጥሩ ነው ያሉን የተጂ ልብስ ሰፊ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ቡራዩ

ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና ማባራቱ ነው። ነሐሴ ነው፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። እኔ በአዘቦቱ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ለዚህ ክረምት ግን አስተርጓሚ ሆኛለሁ። የእንግዳ ማረፊያው በር ላይ ስምንት የካናዳ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሚኒባሱ ላይ ካርቶን ይጭናሉ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው የንባብ መነጽር ነው። ዓመቱን ሙሉ በክፍል ውስጥ ዓይን መለካት ሲማሩ ከርመው፣ ሰው የለገሰውን መነጽር በየቁጥሩ ለይተው፣ የተማሩትን ሥራ ላይ ሊያውሉ ከባለሙያ አስተማሪያቸው ጋር መጥተዋል።

ሹፌራችን ከድር የሰበታ ባለሱቅ ልጅ ነው። ልጆቹን ቆሞ አያቸውና ለትምህርት ብሎ ባሕር የሚሻገር ሰው ይኖራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ካርቶን አቀበልኩት።

2 ሰዓት ተኩል፤ ተፍኪ

በአየር ጤና በኩል ወጥተን ሰበታን በመኪና ሰልፍና በጡሩምባ አለፍናት። ከዚያ በኋላ ሜዳው ይከፈታል፦ ጥቁር አፈር፣ ውሃ የተኛበት እርሻ፣ ጭቃ የተለቀለቁ ጋሪዎች፣ ላስቲክ የለበሱ ገበሬዎች። ተፍኪ ላይ ለሻይና ለፍርፍር ወረድን። ስወርድ የሚኒባሱ በር የኮቴን እጅጌ ያዘና ከክንዱ እስከ አንጓው ተረተረው። ከድር በሩን ደጋግሜ አሠራዋለሁ ስል ነበር አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲል እንደነበር አውቃለሁ።

ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ኤማ የምትባል ረጅም የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ ፍርፍሩን በሁለት እጇ እየበላች ልምምዷን ታነበንባለች። ሁለት መነጽር በተራ ታደርግለታለህ፣ "የፊተኛው ይሻላል ወይስ ይሄኛው?" ብለህ ትጠይቃለህ፣ የተሻለውን ይዘህ ትቀጥላለህ። በክፍል ውስጥ አንድም ጊዜ ስታ አታውቅም።

4 ሰዓት፤ ተጂ

ዓይን የምንለካበት የቀበሌው አዳራሽ አልተጠረገም ነበርና እስኪጠረግ ድረስ ከመንገዱ ማዶ ወዳለች የልብስ ስፌት ሱቅ ተሻገርኩ። ባለቤቱ ኦቦ ቶሎሳ ይባላሉ፤ ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ናቸው። ጃኬታቸው ደረት ላይ ክር የገባላቸው ሰባት መርፌዎች ተሰክተዋል። ሚስታቸው ገበያ ከመሄዳቸው በፊት በየጠዋቱ ክር ያስገቡላቸዋል፤ ሰባቱ ሲያልቁ ሱቁ ይዘጋል። ኦቦ ቶሎሳ ይህን እንደ ቀልድ ነው የነገሩኝ። ወዲያው ደግሞ በጥግ የተቆለለውን ሰማያዊ ዩኒፎርም አሳዩኝ። ዩኒፎርሙን የሚያሰፋቸው ትምህርት ቤት አምና ስፌቱ አልጣመውም፤ ዘንድሮም እንደዚያ ከሆነ ሥራውን ለሰበታ ልብስ ሰፊዎች እሰጣለሁ ብሏቸዋል። ያ ከሄደ የስፌት መኪናውን ከመሸጥ ሌላ የሚተርፋቸው ነገር የለም።

እጅጌዬን ሰፉልኝ። አየሁት። ስፌቱ የሰከረ ሰው መንገድ ይመስላል። "እጅዎ ይባረክ፣ በጣም ጥሩ ነው" አልኳቸውና ወጣሁ። ሌላ ምን ይባላል?

7 ሰዓት፤ አዳራሹ

ወንበሩ ላይ ተራ በተራ አዛውንቶች ይቀመጣሉ። ኤማ አንዱን መነጽር ታደርግላቸዋለች፣ ትጠይቃለች፣ እኔ በኦሮምኛ እተረጉማለሁ።

"ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው።"

ሌላውን ታደርግላቸዋለች።

"እሱም ጋሪዳ።"

አሥር ሰው፣ አሥሩም ሁሉም ጥሩ ነው አለ። አንዲት እናት እንዲያውም መነጽሩን ሳያደርጉ ነው ጥሩ ነው ያሉት። ኤማ ወረቀቷን ታያለች፣ እኔን ታየኛለች፣ የመነጽሮቹን መስታወት ትወለውላለች። ምናልባት የክፍሏ ትምህርት ስህተት ይሆን ብላ አስተማሪዋን ጠየቀች። እኔም ግራ ገባኝ። የተቀጠርኩት የተባለውን እንድተረጉም ነው። የተባለውን ተርጉሜአለሁ። ግን አንድም እውነት አልተረጎምኩም።

ኦቦ ቶሎሳ ተራቸው ደረሰ። አራት መነጽር ሞከሩ፣ አራቱንም አመሰገኑ። ኤማ ግምቷን ይዛ አንድ ተኩል ቁጥሩን ሰጠቻቸው። "ገለቶሚ፣ ተመስገኚ፣ እግዚአብሔር ያሳድግሽ" ብለው መርቀዋት ተሻገሩ። ከድርን ወደ ጥግ ጠርቼ ሰዎቹ የሚሉት እውነት እንዳልሆነ ለኤማ ልንገራት ወይ አልኩት። ዝም አይነቅዝም አለኝ።

በመስኮቱ በኩል ሱቁ ይታያል። ኦቦ ቶሎሳ መነጽሩን አወለቁ፣ በንጹህ ጨርቅ ጠቀለሉ፣ እንደ ውድ ዕቃ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። ጃኬታቸው ላይ አንድም ክር ያለው መርፌ አልቀረም። እጃቸውን አጣጥፈው ሚስታቸው የሚመጡበትን መንገድ ያዩ ጀመር። ኤማም አይታለች።

"ለምን አላደረጉትም?" አለችኝ።

ያን ጊዜ አፍሬ ነገርኳት። ይሉኝታ ነው አልኩ። ባሕር ተሻግረሽ ያመጣሽውን መጥፎ ነው ብሎ ፊትሽን የሚያጠቁር ሰው እዚህ የለም። በዝምታዬ ስንቱ የማይሆነውን መነጽር ይዞ እንደሄደ ስታሰላ ፊቷ ላይ አነበብኩ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ካርቶኑን አንስታ ጭቃውን ተሻገረች።

9 ሰዓት፤ ሱቁ ውስጥ

ኤማ ምንም አልጠየቀችም። ከጃኬታቸው ላይ ባዶ መርፌ ነቀለች፣ ክር ጨምራ በእጃቸው አስያዘቻቸው፣ መነጽር አደረገችላቸው። ክሩ የመርፌውን ጎን ይዳስሳል፣ ያልፋል። ቀየረችላቸው። አሁንም አልገባም። በሦስተኛው፣ ሦስት ቁጥሩ ላይ፣ ክሩ ያለ አንዳች ግርግር ገባ።

ኦቦ ቶሎሳ መርፌውን አልለቀቁም። ሱቃቸውን ዞር ብለው አዩ። ከዩኒፎርሞቹ አንዱን አነሱ፣ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ተከተሉት፣ ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡት። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ ክንዴን ያዙና እጅጌዬን ወደ ብርሃን ጎተቱት።

"ይህን አይተህ ነው እጅዎ ይባረክ ያልከኝ?"

ኮቴን አስወልቀው ስፌታቸውን ከላይ እስከ ታች ተረተሩት። ከድር ዝናብ መጣ እያለ ጡሩምባ ቢነፋም አልሰሙትም። ኤማ ወደ አዳራሹ ሮጣ መርፌና ክሩን ለጓደኞቿ አሳየች። አሥሩ ሰዎች ከየቤታቸው ይጠሩ ጀመር። ለማንበብ ጽሑፍ፣ ለመልቀም ምስር ተሰጣቸው። "ይሻላል ወይ?" የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲያ ቀረ።

ኦቦ ቶሎሳ እንደገና ሰፍተው ሲጨርሱ እጅጌውን ዘረጉልኝ።

"በል አሁን እይና መርቀኝ።"

ስፌቱ ቀጥ ብሏል። ጫፉ ላይ ግን አንዷ ስፌት ተንሻፋለች። ምርቃቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና ጣቴን አስቀመጥኩባት።

"እዚህ ጋ አንዷ ጠምማለች።"

አጎንብሰው ረጅም ጊዜ አዩአት።

"ኤዬ፣ አዎ፣ አየኋት" አሉ እየሳቁ፤ ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም። አንዷን ስፌት ፈትተው ደገሟት።

ማታ 1 ሰዓት፤ ቡራዩ

ተፍኪን ሳንቆም አለፍን። ኤማ መስኮቱን ተደግፋ ተኝታለች፤ ጣቷ ላይ መርፌ የወጋት ምልክት አለ። ትምህርት ቤቱ ሥራውን ለኦቦ ቶሎሳ ይተውላቸው ይሆን? አላውቅም። ዩኒፎርሙን ከአንድ ጀምሬ ፈትቼ እሰፋዋለሁ ብለውኛል።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ መንገዱ እንዴት ነበር አለችኝ። ጥሩ ነበር ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ከተቀደደው እጅጌ ጀመርኩላት።