በባሌ ብብት የተለኩ ዘንጎች

ጉልበቴን ያየው ሐኪም፣ በሁለት ዘንግ እየተደገፉ በየቀኑ ካልተራመዱ ቀስ በቀስ ቤት መዋልዎ ነው አለኝ። ቤት መዋል የሚለው ከሕመሙ በላይ አስደነገጠኝ። እናቴንም እንደዚሁ ነበር የጀመራት፤ ሶፋ ላይ እንደዋለች ሳትነሳ አለፈች።

ባሌ ግን ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ዕድሜውን ሙሉ መቋሚያ ይዞ ማኅሌት የቆመ ሰው ነው፤ በዱላ ጉዳይ እኔን የሚያህል የለም ባይ ነው። «የዱላውን ነገር ለእኔ ተይው» አለኝ። ተውኩለት። ምን ላድርግ፣ ትዳር ነዋ!

ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አንድ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ገባን። ሻጯ የሚያጥርና የሚረዝም ቀላል ዘንግ አውጥታ፣ «ጋሼ፣ የሚይዘው ሰው ቆሞ ክርኑን ሲያጥፍ እጀታው እዚህ ጋ ነው መድረስ ያለበት» ብላ በራሷ ክርን አሳየችው። ሳቀባት። «የኔ ልጅ፣ ብብት ስር ካልገባ ምኑን ዱላ ሆነ?» ብሎ ሸጎጠው፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ተደገፈ። ምን አለፋችሁ፣ እዚያው ማኅሌት ሊቆም ነበር።

«ለማን ነው ግን?» አለች ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ።

«ለእኔ ነበር» አልኳት። እሱ እቴ፣ ማን ሊሰማ! ሁለቱንም በራሱ ልክ አስረዝሞ ማጥበቂያውን ጥርሱን ነክሶ አጠበቀው።

በማግስቱ ወደ ሀና ማርያም የሚወስደውን አቀበት ጀመርን። ቁመቴ ከትከሻው አያልፍም፤ እጀታዎቹ አፍንጫዬ ስር ደረሱ። እጅ ወደ ላይ እንደተባለ ሌባ ክንዴን ሰቅዬ ስንገዳገድ፣ የታክሲ ተራ አስከባሪው «ማዘር፣ ማን ማረከሽ?» አለኝ። ባሌ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ከፊት ከፊት እየሄደ፣ ዘወር እንኳ ሳይል «ቀጥ በይ እንጂ!» ይላል። በሦስተኛው ቀን ትከሻዬም ከጉልበቴ ጋር አብሮ ማመም ጀመረ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የእናቴን ሶፋ አሰብኩና አለቀስኩ፤ ከዚያ በጣም ተናደድኩ።

በአራተኛው ጠዋት እሱ ጫማውን ሲያስር ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ማጥበቂያውን ፈታሁ። ክርኔ ድረስ አሳጠርኩት። ይኸው ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም!

አቀበቱን ተያያዝኩት። ጉልበቴ ዝም አለ። የታክሲ ተራውን ሳልፍ ባሌ ከኋላዬ እያለከለከ «አንቺ! ቆዪኝ እንጂ!» ሲል ሰማሁት። ከተጋባን ጀምሮ ተረከዙን እያየሁ ነው የተከተልኩት፤ አንድም ቀን ቀረች ብሎ ዞሮ አይቶኝ አያውቅም።

እኔም አልዞርኩም።