የቦቢ ቋንቋ

ሰንሰለት ጠጠር ላይ ሲጎተት ዛሬም ከሰማሁ እግሬ ይያዛል። ያን ቀን ታናሽ እህቴን አዝዬ፣ የአባቴን ምሳ ይዤ እሱ የሚጠብቀውን የፈረንጅ ግቢ እንደገባሁ ያንን ድምፅ ሰምቼ ዞር ስል፣ ሰንሰለቱን የያዘ ሰው የለም፤ ውሻው ቦቢ ተፈትቷል።

አባቴ ጎፋ፣ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ቤት ዘበኛ ነበር። እኛ የምንኖረው ላፍቶ፣ ያኔ ከጓሯችን ጀምሮ የሽንብራ ማሳ በነበረበት ሰፈር ነው። በጋ በጋ አመሻሽ ላይ አባቴ ደጃፍ ተቀምጦ፣ ከጌታው የለቃቀማትን እንግሊዝኛ ያስጠናን ነበር። «ይሄ ውሻ ንቆን አማርኛ አይሰማም፤ ምሳ ስታመጡልኝ ምን ልትሉት ነው?» ይል ነበር። ታላቅ ወንድሜ ቦቢን ሆኖ እየዳኸ መጥቶ ደረቴ ላይ ሲንጠለጠል፣ እኔ «ጌት!» ብዬ ዝም ስል፣ ጭራሽ ፊቴን ይልሰኝ ነበር።

«ጭራዋን ቀጥይባት እንጂ!» ይለኛል አባቴ። «ጌት ዳውን ስትይው ይወርዳል፣ ጌት አውት ስትይው ይወጣል። ደግሞ አትጩሂ፣ ጨዋታ ይመስለዋል።»

እናቴ ከጓዳ ሆና «ሰውዬ፣ ልጆቼን ውሻ አደረግካቸው እኮ!» ትል ነበር።

ክረምት ሲገባ አባቴ ከቤቱ ጀርባ አሸንዳ ሲጠርግ ስለሚቆይ፣ ያን ቀን አልሰማኝም። «ሂድ! ኧረ ሂድ!» ብዬ ስጮህ ቦቢ ባሰበት፤ ዘሎ ሁለት እግሩን ደረቴ ላይ ጫነ። ጭቃው አንሸራተተኝ። እህቴ ጀርባዬ ላይ ታለቅሳለች፤ ወደ ኋላ ብወድቅ ከሥሬ የምትሆነው እሷ ናት። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ፣ እንደ አባቴ ቀስ ብዬ፣ «ጌት ዳውን» አልኩት። ወረደ፤ ግን ምሳውን እያሸተተ ቆመ። «ጎ ባክ፣ ቦቢ» ስለው ዓይን ዓይኔን አየኝና ተመለሰ። እኔም ዘበኛ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁት።

አባቴ ጭቃ በጭቃ ሆኖ እየሮጠ መጣ። «ክፈችልኝ፣ ልጄ! ነከሳችሁ?»

«አልነከሰንም፣ አባዬ። ደህና ነን» አልኩት። እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ትምህርቱን ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩትም። ዛሬ ልጄ ሶፋ ላይ ተጋድማ እንዲህ ጭራ የሚቀጠልበትን የእንግሊዝኛ ቃል ከስልኳ ታጠናለች፤ «እማዬ፣ ሉክ አፍተር ምንድነው?» ስትለኝ አላውቀውም፤ «መንከባከብ ነው» ትለኛለች። እኔ እንዳልነከስ ነበር የተማርኩት፣ እሷ ሥራ ልትቀጠርበት ነው። ፍርሃቱ ግን እኔን አልለቀቀኝም፤ ከወጣች እስክትመለስ በር በሩን አያለሁ። ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ፣ እንደዚያን ቀን በሩን እዘጋዋለሁ፤ ያኔ ሁላችንም ቤት ነን።