ባሌ «ያዢ!» ሲል የበረረችው ጀልባ

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ብራክፓን ከተማ አካባቢ ያለ ግድብ ላይ... ዋና የማልችለው እኔ፣ ሙና፣ በውድድር ጀልባ ስበር ነበር። እየሳቅኩ አይደለም የምጽፈው። ተናድጄ ነው!

ነገሩ የባሌ የነስሩ ጣጣ ነው። ጻካኔ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለን። ባለፈው የኮቪድ ማዕበል ነስሩን ጥሎት ኦክስጅን ላይ ከረመ። እኔን ወደ ውስጥ አላስገቡኝም። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ያለፈውን ነርስ ሁሉ «እንዴት አደረ?» እያልኩ ስጠይቅ ነበር። አላህ አተረፈልኝ።

ቤት ገብቶ ሲያገግም ሶፋ ላይ ተጋድሞ በስልኩ የጀልባ ውድድር ማየት ጀመረ... ማየቱስ ባልከፋ። አንድ ቀን ብድግ ብሎ «ልገዛ ነው» አለኝ።

«ምኑን?»

«ጀልባ። ትንሽዬ ናት። ሞተሯ ከኋላ ነው የሚንጠለጠለው። ስትፈጥን ውሃውን እንኳ በቅጡ አትነካም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ደረጃ ስትወጣ ገና ትንፋሽህ ይቆራረጣል እኮ!»

«ለዚህ እኮ ነው ሙናዬ። ከተረፍኩ አይቀር ልኑር ብዬ ነው።»

ይቺ ቃል አሸነፈችኝ። ተከትዬው ሄድኩ።

ሻጩ ኦም ፒት የሚባሉ ሽማግሌ ነጭ ናቸው። ሁለት ጀልባ አቀረቡልን። አንዷ ቀይ፣ የምታብረቀርቅ። ሌላዋ ቀለሟ የተላላጠ ቢጫ። ነስሩ ቀጥ ብሎ ወደ ቀይዋ! ሰውየው ቀይዋን ገልብጠው ሆዷን አሳዩት። መሀሏ ጎርብጧል። ሆዷ ልሙጥ ካልሆነ ውሃው ይይዛታል፣ አትፈጥንም አሉት። የቢጫዋ ሆድ ግን እንደ ጠረጴዛ ነው። «ይቺ በሰዓት ሰባ ኪሎሜትር ትገባለች» አሉ።

እኔም ዕድሌን አየሁ። «ሰባ ከገባች ውሰዳት። ካልገባች ግን የጀልባ ወሬ ቤቴ ውስጥ ዳግመኛ እንዳይነሳ» አልኩ። ነስሩ «ወላሂ!» አለ። መጨባበጥ ቀርቷልና ከኦም ፒት ጋር ክርን ለክርን ተጋጭተው ቃል ተሳሰሩ።

መጀመሪያ ነስሩ ገባ። ከሕመሙ ወዲህ ስንከባከበው ያወጣው ቦርጭ አለ። ጀልባዋ አፍንጫዋን ሽቅብ ሰቅላ፣ ኋላዋን ውሃ ውስጥ ዘፍቃ፣ እያቃሰተች ሄዳ እያቃሰተች ተመለሰች። ፊት ለፊቷ የተለጠፈው፣ ከፍተኛ ፍጥነቷን መዝግቦ የሚያሳየው ጂፒኤስ ሠላሳ እንኳ አልሞላም። አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልኩ አልኩ በልቤ።

ኦም ፒት ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኖ ኖ፣ ማይ ፍሬንድ። ቱ ሄቪ! ማማ ትሞክራት» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። እሱ ከብዷታል፣ እኔ ቀላል ነኝ ማለታቸው ነው። ነስሩ በዓይኑ ለመነኝ።

ልቆጣ ስል አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እንደ ኤሊ እየተሳብኩ ዞሬ ብመለስስ? ሰባ አልገባችም፣ ነገሩ አለቀ!

የመንሳፈፊያ ጃኬት አለበሱኝ። ሄልሜቱን በሳኒታይዘር አጥበው ደፉልኝ። ከዚያ በፊት ነስሩ ዳር ሆኖ ሊመራኝ ደውሎልኝ፣ ስልኬን ሂጃቤ ውስጥ፣ ጆሮዬ ላይ ሸጉጬዋለሁ። ወንበር የለም፣ ተንበርክከሽ ወደ ፊት ደፋ በይ ተባልኩ። «ሱጁድ ልትወርጂ ስትይ እንደምትሆኚው» ብሎ ነስሩ ተረጎመልኝ። ፔዳልም የለም። በግራ እጅ የሚጨበጥ መያዣ አለ። ስጨብጠው ትሄዳለች፣ ስለቀው ትቆማለች። በቃ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባኪያችንን፣ ያቺን ዕቃ መጫኛ መኪናችንን፣ መንዳት ያስተማረኝ ነስሩ ነው። ዛሬም ድረስ የመንገዱ መብራት፣ ሮቦቱ፣ ቀይ ባበራ ቁጥር ከጎኔ ሆኖ «ያዢ! ያዢ!» ይላል። ፍሬን ያዢ ማለቱ ነው። ለምጄው፣ እሱ «ያዢ» ካለ ሳላስብ ሰውነቴ ይታዘዛል።

ጀልባዋ ተነሳች። እንዳሰብኩት ቀስ እያልኩ ነው። ትንሽ ማዕበል አገኛትና ዘለል አለች... ነስሩ ዳር ሆኖ አይቷል። ሞተሩ ቢጮህም የእሱ ድምፅ በለጠ።

«ያዢ! ሙና ያዢ!»

ያዝኩ። መያዣውን ጨበጥኩት ማለት ነው። ጀልባዋ ተፈተለከች!

«ያዢ እኮ ነው የምልሽ!»

«ይዣለሁ እኮ!»

«አጥብቀሽ ያዢያ!!»

አጥብቄ ያዝኩ። ውሃው ከሥሬ የጠፋ መሰለኝ። ዓይኔ አነባ። ሸሃዳዬን ያዝኩ። ሰውዬው አሁንም «ያዢ» ይላል! በመጨረሻ ከፍጥነቱ ይልቅ ያማረረኝ ጩኸቱ ነው። ስልኩን ከጆሮዬ ልነቅል ግራ እጄን ሳነሳ... ጀልባዋ ድፍት ብላ ቆመች።

ወደ ዳር ስደርስ ነስሩ ከነጫማው ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ማስኩ አገጩ ላይ ነው። ያለቅሳል።

«ሰባ አራት!» አሉ ኦም ፒት፣ ጂፒኤሱን አይተው ሊጨፍሩ ምንም አልቀራቸው።

«አልፈልጋትም» አለ ነስሩ። «ዳር ቆሞ ማየት እንዲህ መሆኑን አላወቅኩም።»

«እኔ አውቀዋለሁ» አልኩት። «ሆስፒታሉ በር ላይ ነው ያየሁት።»

ንዴቴ ሳይበርድ እኔም አለቀስኩ።

ግን ክርን ተጋጭቷል። ጀልባዋ አሁን ከሱቃችን ጓሮ ሸራ ለብሳ ተኝታለች። እኔ አልነዳት፣ እሱን አትችለው።

ዛሬ ጠዋት ባኪዋን ይዤ ሮቦቱ ጋ ስንደርስ ከጎኔ «ያ...» ብሎ ጀመረና አፉን በእጁ ያዘ።

እንዲህ ነው መያዝ!